ደመኛ የሌለው ደም

ወንድይፍራው አያሌው ሲቀጠር የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ሲፈለግ ማልቀስ ትችላለህ?» አሉት። ከዚያ በፊት በአንድ የክልል ከተማ ቴአትር ቤት ንጉሥም፣ ሌባም፣ ሙሽራም ሆኖ ሲሠራ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ቴአትር ቤቱ ተዘግቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሲሆን ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ፈታኞቹ ፊት ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ አለቀሰ። አንዷ ፈታኝ ደንግጣ መሐረብ አቀበለችው። በሳምንቱ ጥቁር ሙሉ ልብስ ተሰፍቶለት ሥራ ጀመረ።

የሥራ መደቡ «የሐዘን ተወካይ» ይባላል። የቀጠረው ድርጅት የጭነት ባቡር ሰው ሲገድል ወንድይፍራው ወደ ሟች ቤት ይላካል። ድንኳን ገብቶ እጅ ይነሳል፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ያለቅሳል፤ ከዚያ «በደረሰው ሁሉ ድርጅቱ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል» ይላል። «ገደለ» የሚለውን ቃል እንዲናገር አይፈቀድለትም። «ጥፋት» ማለትም አይችልም። ከሁሉም በላይ «እኔ» ማለት ክልክል ነው። ንፍሮ ከቀረበ ይበላል፤ ከተሰደበ ዝም ይላል፤ ድንጋይ ከተወረወረ ወደ መኪናው ይመለሳል። መኪናው ሹፌር የለውም፤ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ባቡሮቹም ሹፌር ካጡ አንድ ትውልድ አልፏል። ድሮ ሁለት ሆነው ይነዱ ነበር፤ አንዱ ተቀነሰ። የቀረውም ከጊዜ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሆነ። በመጨረሻ ወንበሩ ተነቀለ፣ መስኮቱም ተደፈነ። ባቡሮቹ ግን እየረዘሙ ሄዱ፤ አሁን አንዱ ሲቆም አንድ ከተማ ለሁለት ይከፍላል። ከሩቅ ከተማ ሆነው በስክሪን የሚከታተሏቸው ተቆጣጣሪዎች አሉ። ስም የላቸውም። ቀድሞ ነበራቸው፤ የአንድ ሟች ወንድም የተቆጣጣሪውን ቤት አፈላልጎ ካገኘ ወዲህ ግን ድርጅቱ ስማቸውን በቁጥር ተካው።

ወንድይፍራው መልካ ሩፋ የደረሰው ከዒድ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከቀትር ወዲያ ነው። መንገድ ላይ ጆሮው ውስጥ ያለችው ማዳመጫ እንደ ሁልጊዜው ስለ ሟቿ ነገረችው። ሰዓዳ አህመድ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ያላገባች። «ባቡሩ ሟቿን አይቷታል፤ ለይቷታልም። መሣሪያው እክል አልነበረበትም። ይህ ለቤተሰብ አይነገርም» አለችው። ወንድይፍራው በመስኮት በረሃውን እያየ ሰማት። ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ አልነበረውም።

መኪናው ከተማው መግቢያ ላይ ቆመ። ባቡር መንገዱን ዘግቶታል። ኮንቴይነሮቹ በስተቀኝም በስተግራም ዓይን እስከሚያይ ተደርድረዋል። ከሐዲዱ ሥር የተሠራውን ማለፊያ ጎርፍ በደለል ከሞላው ቆይቷል፤ የጠረገውም የለም። አንዲት ሴት ጀሪካኖቿን አስቀድማ ወደ ማዶ አሽቀንጥራ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ ከፉርጎው ሥር ገባች። ተማሪዎች ቦርሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ተከተሏት። አንድ ሽማግሌ በደረታቸው ተሳቡ፤ ከማዶ ወጥተው ልብሳቸውን አራገፉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። የሚያይ እንኳ አልነበረም።

አንድ ጠይም ረጅም ሰው ወደ መኪናው መጣ።

«ከድርጅቱ ነህ?»

«ነኝ።»

«ጁነዲን እባላለሁ። የሰዓዳ ወንድም። ሽማግሌዎቹ ሂድ አምጣው ስላሉኝ ነው እንጂ በእኔ ቢሆን ኖሮ…» ሳይጨርሰው ተወው። «ልቅሶው ማዶ ነው። ተንበርከክ።»

ወንድይፍራው ከፉርጎው ሥር ያለውን ጥላ አየ። ብረቱ የጋለ ቅባት ይሸታል። «ቢንቀሳቀስስ?» አለ።

«አንተን አያውቅህም፤ የማያውቀውን ይጠብቃል። የማይጠብቀው የሚያውቀውን ነው።»

መልካ ሩፋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ባቡሩ ሰውን በአረማመዱ ይለያል። ዘገምተኛውን ታግሶ ያሳልፋል። ፈጣኑን ግን ገና ከሥሩ ሳለ፣ እስክነሳ ይወጣል ብሎ ፍሬኑን ይለቃል። ድርጅቱ «አሉባልታ ነው» ይላል። ሰዓዳ ከከተማው ፈጣኗ ነበረች። ሰፈሩ ለሁለት ስለተከፈለ የማዶ በሽተኞችን መድኃኒት የምታመላልሰው እሷ ነበረች፤ ገባች ሲሉ ወጥታለች። በረመዳን አንድ ከሰዓት፣ ሐሩሩ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ሰዓት፣ ጾመኛ ሆና ገባች። እንደ ወትሮዋ አልወጣችም።

ወንድይፍራው በጥቁር ሙሉ ልብሱ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ ተሳበ። የሱሪው ጉልበት ተቀደደ። ማዶ ሲወጣ ጁነዲን እጁን አልዘረጋለትም።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ገዳይ እስኪመጣ አይነሳም ተብሎ ከዒድ በፊት እንደተተከለ ቆሟል። ከፊት የአገር ሽማግሌው ሐጂ ሙሜ፣ ከጎናቸው የሟች እናት አዴ ፈጡማ ተቀምጠዋል። ወንድይፍራው እጅ ነሳ፤ ተቀመጠ፤ አለቀሰ። ጥሩ ለቅሶ ነበር። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አለ።

አዴ ፈጡማ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄን ታውቃት ነበር?» አሉት።

«አላውቃትም እናቴ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ታለቅሳለህ?»

በሥራው ዘመን ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ፊቱን ጠረገ።

ሐጂ ሙሜ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «የእኛን ልማድ እንንገርህ» አሉት። «ሰው የገደለ ሰው ይመጣል። እጁን ታስሮ፣ ራሱን ተከናንቦ፣ እዚህ ይቆማል። ‹ገደልክ?› እንለዋለን። ‹ገደልኩ› ይላል። ያን ጊዜ በግ ይታረዳል፤ የሟች ወገንና ገዳይ አብረው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ደሙ ይደርቃል። ጉማ ይባላል። ገዳይ ካልመጣ ደም አይደርቅም። እና አንተ ነህ የገደልካት?»

«በደረሰው ሁሉ ድርጅቱ…»

«ድርጅቱን አልጠየቅኩህም። ድርጅት እጅ አለው? እጁን ላስረው?»

ከኋላ ወጣቶች አጉረምርመው ጸጥ አሉ። ጁነዲን ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ከወንድይፍራው ላይ አላነሳም። ወንድይፍራው ዝምታውን አዳመጠ። መድረክ ላይ የሚያውቀው ዝምታ ነበር፤ ሕዝቡ አንድ ነገር ፈልጎ ሲጠብቅ የሚመጣው። ሰዎቹ የፈለጉትን ይህን ቃል እሱ ቢሰጣቸው ምን ይጎዳል ብሎ አሰበ። ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ገደልኳት። እሰሩኝ።»

ማዳመጫዋ ጆሮው ውስጥ ጮኸች። «ተወካይ፣ ከተፈቀደው ንግግር ወጥተሃል።» ጁነዲን እጁን ወደ ወገቡ ልኮ ሦስት እርምጃ ሲራመድ ሐጂ ሙሜ ዱላቸውን አንስተው ከለከሉት።

«እንዴት ገደልካት?» አሉ ሐጂ።

ወንድይፍራው የተዘረጉ እጆቹን ተመለከተ።

«የት ቆመህ? በምን?»

«እኔ…»

«ዋሽተሃል!» ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ውሸት ደም አያጥብም። በሐዘናችን ላይ ቴአትር ልትሠራብን ነው የመጣኸው?»

ሐጂ የድሮ ሥራውን አያውቁም። ቃሉ ግን እንደ ጥፊ አረፈበት። ከጆሮው ማዳመጫዋን አውጥቶ ኪሱ ከተተና፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«አይቷታል» አለ። «ባቡሩ አይቷታል። መኪናው ውስጥ ነግረውኛል። ማን እንደሆነችም ለይቷል። እናንተ እንደምትሉት፣ ትወጣለች ብሎ ነው የተነሳው።»

አዴ ፈጡማ ድምፅ ሳያወጡ ወደ ጎን ዘመም አሉ፤ ሴቶቹ ደገፏቸው። አንድ ሰው «አሉባልታ ነው አላላችሁም!» ብሎ ጮኸ። ጁነዲን የወንድይፍራውን ኮሌታ ጨምድዶ ከመሬት አነሳው።

«ገዳዩ ባቡሩ ከሆነ ባቡሩ ይጠየቅ!» አለ። «ደጃችን ቆሟል አይደል?»

ግማሹ ከተማ ወደ ባቡሩ ግንባር ወረደ። ወንድይፍራውን እየጎተቱ ወሰዱት። ማዶ የነበረው መኪናው በሩን ዘግቶ ባዶውን መመለሱን የሰማው በኋላ ነው። የባቡሩ ግንባር ዓይንም አፍም የለው፤ ለስላሳ ነጭ ብረት ነው፤ ከሥሩ ድንጋይና ግመል ገፍቶ የሚያልፍበት ሰፊ ማረሻ ተገጥሞለታል። ሰዎቹ ሐዲዱ ላይ ቋጥኝ ከመሩ። የተሰባበረ ባጃጅ እየገፉ አምጥተው ገለበጡበት። ከዚያ ራሳቸው ተቀመጡ፤ ጁነዲን መሐል፣ እናቱ ከጎኑ።

ብዙም ሳይቆይ የወንድይፍራው ስልክ ጠራ።

«ተቆጣጣሪ አሥራ ዘጠኝ ነኝ» አለች የወጣት ሴት ድምፅ። «ውልዎ ተቋርጧል። ግን እዚያ ያሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው የደወልኩት። ሰዎቹን ከሐዲዱ ያውርዷቸው። እንድገፋ ታዝዣለሁ።»

«ሰው ላይ?»

«ከፊቱ ሰው ከተቀመጠ ራሱ አይገፋም። የተቆጣጣሪ እጅ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ነው።» ድምፅዋ እንደ ንባብ ነበር። «ባቡሩ ይነሳሉ ይላል። እስካሁን ሁልጊዜም ተነስተዋል ይላል።»

«ካልተነሱስ?»

ወንድይፍራው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገውና ለሰዎቹ የሰማውን ነገራቸው። ያመነው አልነበረም። «ደግሞ ምን ልታለቅስልን ነው?» አለው አንዱ። ጁነዲን ስልኩን ነጠቀው።

«ስምሽ ማነው?»

«ተቆጣጣሪ አሥራ ዘጠኝ።»

«ቁጥርሽን አይደለም ያልኩሽ! ስምሽን! እህቴን በስሟ ታውቋታላችሁ፣ በእግሯ ታውቋታላችሁ፣ እኛ እናንተን በምን እንወቃችሁ? ቁጥር ቀብሬ አላውቅም!»

ስድቡ ቀጠለ። ሐጂ ሙሜ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉና አፋቸው አጠገብ ያዙት።

«ልጄ» አሉ ዝግ ብለው። «የማን ልጅ ነሽ?»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«የሽብሩ» አለች። «ረድኤት ሽብሩ። አዳማ ነው ያደግኩት።»

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ዕድሜ ይስጣቸው። እንግዲህ ስሚኝ ረድኤት። ሐዲዱ ላይ የተቀመጠው ጁነዲን ነው፣ የአህመድ ልጅ። አጠገቡ እናቱ አሉ፣ አዴ ፈጡማ። እኔ ሙሜ ነኝ። ብትገፊ የምትገፊው እኛን ነው። ባቡሩ አይደለም የሚገፋን፤ ረድኤት የሽብሩ ልጅ ናት።»

«አባባ…» ድምፅዋ ተሰበረ። «እጄን አንስቻለሁ። አልነካውም። ግን አሁኑኑ ከእኔ ወስደው ለሌላ ይሰጡታል። እባካችሁ ውረዱ። እባካችሁ…»

መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የደወለ የለም።

ፀሐይዋ ኮንቴይነሮቹ ላይ ተኝታለች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የፍሬኑ አየር ከሆነ ቦታ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። የመልካ ሩፋ ሰው ያን ድምፅ ከጡት ጋር ነው የሚለምደው፤ ልብ ሳይወስን እግር ይዘላል። ሁሉም ዘለሉ። ሴቶቹ አዴ ፈጡማን ተሸክመው ወረዱ። ሐጂ ሙሜን ሁለት ጎረምሶች ጎተቷቸው። ወንድይፍራውም ዘሎ ጠጠሩ ላይ ወደቀ፤ ቀና ሲል ጁነዲን እዚያው ነበር። ሐዲዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ነጩን ብረት ያያል።

ባጃጁ መጨፍለቅ ጀመረ። ቋጥኞቹ እየተንከባለሉ መጡ።

ወንድይፍራው ለምን እንደተመለሰ በኋላም ማስረዳት አልቻለም። ጁነዲንን ወገቡን አቅፎ ሳበው። ጁነዲን በክርኑ አፉን መታው፤ ጥርሱ ሲነቃነቅ ተሰማው፤ አልለቀቀውም። ተያይዘው ተንከባለሉ። ማረሻው የጁነዲንን አንድ ጫማ ይዞ አለፈ።

ባቡሩ ሳይቸኩል፣ ፉርጎ በፉርጎ፣ ለረጅም ጊዜ አለፈ። እስኪያልፍ ሁለቱም ተዘርግተው ቆዩ።

«ማን ያዘኝ አለህ?» አለ ጁነዲን። «ማን አለህ? እኔን ቢገድለኝ የገፋው ሰው ይታወቅ ነበር!»

ወንድይፍራው ደም ተፋ። «አይታወቅም ነበር» አለ። «ሌላ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ይልኩላችሁ ነበር።»

ጁነዲን አጠገቡ ምራቁን ተፍቶ ተነሳ፤ አንድ እግሩን በባዶ እየረገጠ ሄደ።

በማግስቱ ዜናው «መጠነኛ የትራንስፖርት መስተጓጎል» አለ። ወንድይፍራው መሄጃ አጥቶ ከተማው ውስጥ ቀረ። ሐጂ ሙሜ በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ ሰጡት፤ ምግብ ይቀርብለታል፤ የሚያነጋግረው ግን አልነበረም። ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ቦታ ይለቁለታል፤ ልክ እንደ ቆሻሻ ነገር ይሸሹታል። ባቡሮቹ እንደ ወትሮው እየመጡ ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ። ሰዎቹም እንደ ወትሮው ከሥር ይሳባሉ። ባጃጁን ልጆች ለቆርቆሮው ቆራርጠው ወሰዱት።

አንድ ጠዋት አውቶቡስ አንዲት ሴት አወረደ። ሠላሳ ያልሞላት፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ያጣፋች፣ ከተማውን የማታውቅ። መንገዱ ላይ ባቡር ቆሞ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ተንበርክካ ገባች። ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ጉልበቷና መዳፏ በቅባት ጠቁሮ ነበር።

«ማን ልበል?» አሉ ሐጂ ሙሜ።

«ረድኤት ነኝ። የሽብሩ ልጅ።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። አንዲት ሴት ብድግ ብላ ልታቅፋት ሄደች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ እጄን አልጭንም ያልሽው! እናትሽን አላህ ይባርካት!»

ረድኤት እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። «አታመስግኑኝ» አለች። «ሰዓዳ የሞተች ቀንም ያን ባቡር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።»

የሴትየዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወንድይፍራው ከነበረበት ጥግ የሐጂን ፊት አየ። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ገደልሻት?»

«አየኋት» አለች ረድኤት። «ስክሪኑ ላይ ከፉርጎው ሥር ነበረች። ባቡሩ ትወጣለች አለ። እኔም ትወጣለች አልኩ። ማቆሚያው ጣቴ ሥር ነበር። አልተጫንኩትም። አዎ። ገድያታለሁ።»

ጁነዲን ከምሰሶው ሥር ተነሳ። ማንም አልከለከለውም። ለገዳይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ገመድ አንስቶ ወደ እሷ ሄደ፣ ሁለት እጆቿን ከፊቷ አጣምሮ አሰራት። አጥብቆ ነበር ያሰራት፤ ቆዳዋ ነጣ። ከዚያ ጁነዲን ምን እንደሚያደርግ የጠፋው ሰው ይመስል የገመዱን ጫፍ ይዞ ቆመ። ፊቱ ላይ ምሕረት አልነበረም። ሐጂ ሙሜ በግ ይምጣ አላሉም።

«ልቀቃት» አሉ አዴ ፈጡማ።

«እናቴ!»

«ገመዱን አይደለም። ጫፉን ልቀቅ። ወደዚህ ትምጣ።»

ጁነዲን ጫፉን ጣለው፤ ድንኳኑን ጥሎ ወጣ። ረድኤት ገመዱን መሬት ላይ እየጎተተች ሄዳ እናትየው ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች።

አዴ ፈጡማ አላቀፏትም፣ አልረገሟትምም። ልጃቸው ከባቡሩ ሥር ከገባች በኋላ ያያት ሰው አጥተው፣ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ማን አያት?» እያሉ ነበር የሰነበቱት።

«አየኋት አልሽ» አሏት።

«አዎ እናቴ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ከገባች ጀምሮ። አንድም ነገር አታስቀሪ።»

ረድኤት የታሰሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«ከመድኃኒት ቤቱ በኩል ነው የመጣችው» አለች። «እየሮጠች አልነበረም።»